የጥብስ ቅጠል ክረምት ላይ ለምን ይሞታል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቦሌ ቡልቡላ ነው። ከፊት ለፊቱ አጥር ሥር፣ 6 ሜትር ያህል ርዝመት ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይና አበባ የሚያወጣ አጭር ተክል ፈለግሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ብዙ የማይጠጣ ይሁን ብዬ የጥብስ ቅጠል መረጥኩ። አምና ሰኔ መጨረሻ ላይ 6 ችግኝ ተከልኩ፤ ለአራቱ ጉድጓድ ቆፍሬ ጥሩ አፈር ሞላሁላቸው። ነሐሴ ላይ አራቱ ጠቁረው ሞቱ። መጠውለግ ሲጀምሩ የጠማቸው መስሎኝ ጨምሬ አጠጣኋቸው። ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒትም ተሽጦልኝ ረጭቻለሁ። የተረፉት ሁለቱ በሩ አጠገብ፣ ለመኪና መግቢያ ገረጋንቲ የተደፋበት ዳር ላይ ያሉት ናቸው። ለጥብስ ሁሌ እቀነጥሳቸዋለሁ፤ አበባ ግን አውጥተው አያውቁም። እህቴ እስራኤል፣ ሃይፋ ከተማ ነው የምትኖረው። እዚያ መንገድ ዳር ተተክሎ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ያብባል ትለኛለች። የኔ ምን ሆኖ ነው? አፈሩ ጥቁር ነው። የልብስ እጣቢስ ባጠጣው ይጎዳዋል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ምርጫዎ ጥሩ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት፣ ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ ለሚቆይ አጭር አጥር፣ ከጥብስ ቅጠል የተሻለ እምብዛም አላውቅም። አራቱን የገደላቸው ውሃ ነው። ማስረጃው ደግሞ እዚያው ጥያቄዎ ውስጥ አለ። የተረፉት ሁለቱ የቆሙት ገረጋንቲ ላይ ነው። ማንም ለተክል ብሎ የማይመርጠው፣ ጠጠር የበዛበት፣ ከሌላው ግቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ። ጥሩ አፈር የተሞላላቸው ሞቱ፤ ጠጠር ላይ የወደቁት ክረምቱን አለፉ። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ነሐሴ ላይ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ሥር ይተነፍሳል። የሚተነፍሰውም በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ ያለውን አየር ነው። ዝናቡ ለሳምንታት ሳያባራ ሲቀር ክፍተቶቹ በውሃ ይሞላሉ፤ አየሩ ይወጣል። አየር ያጣ ሥር ውሃ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ ተክሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ቅጠሉም ልክ በፀሐይ እንደደረቀ ተክል ይጠወልጋል። ሰው ይህን ሲያይ ጎማውን ይዞ ይሮጣል። እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ይህን የማያደርግ ሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ ፋይቶፍቶራ የሚባል ሥር አበስባሽ አለ። ዘሮቹ በአፈሩ ውስጥ በቆመው ውሃ እየዋኙ ነው ከሥር ወደ ሥር የሚሄዱት። አፈሩ ውሃ ካልቋጠረ መንገድ የላቸውም። ማንኮዜብ የሚሠራው ያረፈበት ቦታ ላይ ነው። ቅጠል ላይ ሲረጩት ከመሬት በታች ወዳለው ሥር አይወርድም። ገንዘብዎ በከንቱ ነው የወጣው። ደግሞ ይህ የሚበላ ቅጠል ነው። ለጥብስ የሚቀነጥሱት ተክል ላይ እንዲህ ያለ መድኃኒት ባይረጭ ይሻላል።

ሌላ ጊዜ ሲጠራጠሩ አንዱን ይንቀሉና ሥሩን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያድርጉት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም ፈካ ያለ ቡናማ ነው፤ ሲስቡት አይላቀቅም። የበሰበሰው ጥቁር ነው። ቅርፊቱ ሾልኮ ጣትዎ ላይ ይቀራል፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይተርፋል። ሽታም አለው። እሱን ካዩ ያንን ተክል ለማትረፍ አይድከሙ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ውሃ አይጨምሩ፤ ከሥሩ ዙሪያ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ይቅደዱ።

የሃይፋው ነገር እውነት ነው። እስራኤል ውስጥ ሮዝመሪ፣ ማለትም የእኛው የጥብስ ቅጠል፣ የመናፈሻና የመንገድ ዳር ተክል ነው። ጥንተ አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ስፔን፣ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ሞሮኮ፣ አልጄሪያ ውስጥ በራሱ ጊዜ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ይበቅላል። እዚያ ዝናብ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። በጋው ደግሞ ወራት ሙሉ ጠብ አይልም። ሃይፋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ500 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ የዚያን እጥፍ ገደማ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ያኔ ሰማዩ ደመና ነው፣ ፀሐይ የለም፣ የወረደው ሳይደርቅ ሌላ ይወርዳል። ሮዝመሪ በተፈጥሮው እንዲህ ያለ ሞቅ ያለ እርጥብ ወቅት አያውቅም። ብርዳችን ግን ምንም አያደርገውም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለእሱ የተመቸ ነው።

ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩት የምን አገር ተክል እንደሆነ ይገባዎታል። ከላይ ጠንካራና አንጸባራቂ ነው። ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ከሥሩ ደግሞ ነጭ ብናኝ የተነፋበት ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ጥቃቅን ፀጉር ነው። የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች እዚያ ፀጉር ሥር ተደብቀዋል። ነፋስም ፀሐይም አያገኛቸውም፣ ስለዚህ ውሃ አያባክንም። የበሶብላ፣ የዳማ ከሴና የናና ዘመድ ነው። የጦስኝም እንዲሁ። መንዝ ላይ ጦስኝ የት የት እንደሚበቅል ያስተዋለ ሰው የሮዝመሪን ፍላጎት ግማሹን ያውቃል።

አሁን ወደ ግቢዎ እንምጣ። የቦሌ ቡልቡላ ጥቁር አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይይዛል። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ለጤፍ ጥሩ ነው። ለሮዝመሪ ግን አይሆንም። እርስዎ እንደ ብዙ ሰው ጉድጓድ ቆፍረው ጥሩ አፈር ሞሉበት። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ገንዳ ነው። የሞሉት አፈር ልል ስለሆነ የግቢው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይገባል፤ ዙሪያው ዋልካ ስለሆነ መውጫ የለውም። ጉድጓዱ ሰፍቶና ጠልቆ በተቆፈረ ቁጥር ገንዳው ይተልቃል። ከሥሩ ጠጠር ማንጠፍም አያድንም። ውሃው ከጠጠሩ በታች የሚሄድበት ከሌለው እዚያው ይቆማል። ዋልካ ላይ ሁለት ሦስት ባልዲ አሸዋ መቀላቀልም ዋጋ የለውም፤ ልዩነት ለማምጣት የሚያስፈልገው አሸዋ ከአፈሩ ሊበልጥ ይደርሳል።

መጠራጠር ከፈለጉ ይሞክሩት። አንድ ክንድ ያልሞላ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ይቆፍሩ። ውሃ ይሙሉት፣ ሰርጎ ይለቅ። እንደገና ይሙሉትና ያሳድሩት። ጠዋት ላይ ውሃ ካገኙበት እዚያ መሬት ውስጥ ሮዝመሪ አይትከሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወደ ታች አይቆፈርም፣ አፈሩ ወደ ላይ ተከምሮ መደብ ይሠራል። ሁለት ድርድር ብሎኬት 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይበቃል። ስፋቱ ከውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለ6 ሜትር ርዝመት በአራቱም ጎን 70 ብሎኬት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ድርድር በሲሚንቶ አያያይዙት። በየብሎኬቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ፤ ውሃው የሚወጣው በዚያ ነው። ከአጥሩ ግንብም አንድ ሰው በሚያልፍበት ያህል ይራቅ። ግንብ ላይ እርጥብ አፈር ማስደገፍ ግንቡንም ይበላዋል፣ አየርም ይዘጋል። ብሎኬት መግዛት ካልፈለጉ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋይም ከሌለ አፈሩን መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ አድርጎ መከመር ነው፤ ተክሉ የሚጠይቀው ከፍታውን እንጂ ግንቡን አይደለም።

ከመሙላትዎ በፊት የታችኛውን ዋልካ በዶማ ቆስቆስ ያድርጉት፤ ላዩ እንደተደለደለ አይተዉት። ከዚያ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ፣ ግማሽ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለው ይሙሉ። ሬድ አሽ ለመንገድና ለግንባታ የሚጫነው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ቅንጣቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ ትርፍ ውሃ ግን ያሳልፋል። ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጠውን ለቅመው ወይም በወንፊት አጥልለው ይጠቀሙ። ኮምፖስቱን አያብዙ። ፍግና ዩሪያ ጨርሶ አያስጠጉት። ምግብ የበዛበት የጥብስ ቅጠል ቶሎ ቶሎ ይመዘዛል፣ ቀንበጡ ይለሰልሳል፣ መዓዛው ይቀንሳል፣ አበባውም ያንሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀና ብለው ይዩ። አሸንዳው የት ነው የሚያፈሰው? ብዙ ግቢ ውስጥ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ቀጥታ የሚወርደው አትክልት ሥር ነው። መደቡን ምንም ያህል አሳምረው ቢሠሩት የአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ የሐምሌ ውሃ ከወረደበት ዋጋ የለውም። ቧንቧውን በሌላ በኩል ያዙሩት። ቢችሉ ሮቶ ውስጥ ያስገቡት፤ ለበጋው ይጠቅምዎታል።

ስለ ወቅቱ አጥብቄ ልናገር። እኛ አገር ችግኝ ማለት ክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ ሁሉም ይተክላል፣ ችግኝ ሻጩም ያኔ ነው ደርድሮ የሚጠብቀው። ለግራርና ለወይራ ትክክል ነው። ዋልካ ላይ ላለ ሮዝመሪ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ መትከል ማለት ገና ሥር ያልሰደደን ችግኝ ወደ ክፉ ወቅቱ መወርወር ነው። የሚተከለው ዝናቡ ሲለቅ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ከፊቱ ስምንት ወር ያህል አለው። የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ሥሩ መደቡን ሞልቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አሁን ጥሩ ጊዜ ላይ ነዎት።

ችግኝ ሲገዙ ረጅሙን አይምረጡ። ላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ሮዝመሪ ሥሩ ከታች ተጠምጥሞ ይገኛል። ተጠምጥሞ የተተከለ ሥር ደግሞ ወደ ጎን አይሄድም። ሁለት ስንዝር ያልሞላ፣ ከሥሩ የተንዠረገገውን ይምረጡ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውልቁት። የተጠመጠመውን ሥር በእጅዎ ይፍቱት፣ እምቢ ካለ በምላጭ ይቁረጡት። ሲተክሉት አንገቱ ከአፈሩ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ግንዱ ላይ አፈር አይከምሩ። ዙሪያውን ሣር ከማልበስ ይልቅ ያንኑ ሬድ አሽ በስሱ ያንጥፉበት። ሣር እርጥበቱን ግንዱ ላይ ይይዘዋል፤ ጠጠር ግን ላዩን ደረቅ ያደርገዋል።

በመካከላቸው 50 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ለ6 ሜትር 12 ችግኝ ማለት ነው። ሲተክሉት ባዶ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ አቀራርቦ የሚተክለው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ዓመት ይገናኛሉ። አቀራርበው ከተከሉት አየር አያልፍም፣ መሐሉ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይይዘዋል። ቦታው ቢያንስ የግማሽ ቀን፣ ማለትም 6 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ያግኝ። ከትልቅ ዛፍ ወይም ከፎቅ ጥላ ሥር ከሆነ ይመዘዛል እንጂ አይደምቅም።

ችግኝ ለመግዛትም አይቸኩሉ። በሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ፈተናውን አልፈዋል፤ ከእነሱ ይውሰዱ። ሮዝመሪ ከዘር ሲያወጡት ይዘገያል፣ ብዙውም አይበቅልም። በቁርጥራጭ ግን ቀላል ነው። ያላበበ፣ ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ከሥሩ ጠንከር ማለት የጀመረ ቀንበጥ ይምረጡ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አድርገው፣ ቅጠል የሚወጣበት አንጓ ሥር በስለት ይቁረጡት። የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን ይግፈፉት። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ደቃቅ ሬድ አሽና ኮምፖስት ውስጥ ይሰኩት። ጠንካራ ፀሐይ የማያገኘው ብርሃን ያለው ቦታ ያስቀምጡት። አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሳይጨቀይም ይቆይ። ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ውስጥ ሥር ያወጣል። ሳብ ሲያደርጉት ከያዘ አውጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ይዛወርና፣ ለጥቅምት ስለማይደርስ፣ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ መደቡ ላይ ይተከላል። 12 ከፈለጉ 20 ይሰኩ፤ ሁሉም አይይዝም። ሁለቱን እናቶች ግን ካሉበት አያንሷቸው። ያደገ ሮዝመሪ ቦታ መቀየር አይወድም።

ውሃውን በተመለከተ፣ ፈረቃው አያስጨንቅዎ። እንደተተከለ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት በየሦስት በየአራት ቀኑ ይጠጣል። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንዱ 2 ሊትር ያህል። ለ12ቱ አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ላዩን ብቻ የሚያገኝ ሥር ላዩ ላይ ይቀራል፤ ውሃው ጠልቆ ከወረደ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በጋ ላይ በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ቢያገኝ አይከፋውም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተቱት። እርጥበት ካለ ይለፉት። ክረምት ላይ አንዲት ጠብታ አይስጡት።

እጣቢውን ጠይቀዋል። የልብስ እጣቢ አይሆንም። የኦሞ ዓይነት የልብስ ሳሙና ሶዲየም አለበት። ሶዲየም የዋልካን ቅንጣት ይበታትነዋል፣ ያኔ አፈሩ ይባስ ይጠብቃል፣ ውሃ ጨርሶ አያሳልፍም። ማለትም ዋናውን ችግርዎን ያባብሰዋል። በረኪና ያለበት ደግሞ በጭራሽ። አትክልትና እህል ያጠቡበት ውሃ ግን ያለ ሐሳብ ይስጡት።

ወደ አበባው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይሄኛው ነው። የጥብስ ቅጠል አበባ የሚወጣው ቆየት ባለ ቀንበጥ ላይ እንጂ ትናንት በተቆረጠ አዲስ ጫፍ ላይ አይደለም። የእርስዎ ሁለቱ ሥራቸው ለጥብስ መቀንጠስ ነው። ሊያብብ የደረሰው ጫፍ ሁሌ ድስት ውስጥ ይገባል። ሲያብቡ ያላዩአቸው ለዚህ ነው እንጂ ታመው አይደለም። ስለዚህ ይከፋፍሏቸው። በሩ አጠገብ ያሉት ለኩሽና ይሁኑ። የአጥሩን 12 ግን ለአበባ ይተዉዋቸው። አበባው ትንሽ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ዘር ላይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። አንድ በአንድ ሲያዩት ብዙም አይታይም፤ ቅርንጫፉን ሙሉ ሲይዝ ግን ያምራል። ንብ ደግሞ ከየትም ፈልጋ ትመጣለች።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሞላ ጫፉን ቁንጥጥ ያድርጉት፤ ወደ ጎን እንዲያወጣ። ከዚያ በኋላ አበባው ሲረግፍ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ዙሪያውን በመቀስ ያስተካክሉት። ከሥሩ ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን። ያለዚያ የላዩ የታችኛውን ፀሐይ ይከለክለውና እግሩ ራቁቱን ይቀራል። በምንም ምክንያት ግን ቅጠል ወደሌለው ደረቅ እንጨት ወርደው አይቁረጡ። ሮዝመሪ ከዚያ ላይ ተመልሶ አያቆጠቁጥም ማለት ይቻላል። ስንትና ስንት ያማረ አጥር አትክልተኛ «ይታደስ» ብሎ እስከ እንጨቱ ከርክሞት እንደዚያው ደርቆ ቀርቷል። ለአትክልተኛዎ አስቀድመው ይንገሩት። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከቆረጡት እንደ ፍላጎትዎ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዘው ያቆዩታል። ካልተነካ አንድ ሜትር ተኩልም ሊያልፍ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይቁረጡት፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ዝናብ ያገኘዋል።

መደብ መሥራቱ የማይሆንልዎ ከሆነ፣ ከግቢው ከፍ ያለው ቦታ ላይ አጋምን አስቡበት። የአገራችን ነው፣ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ነጭ አበባው ይሸታል፣ ፍሬውም ይበላል። እሾሁ ግን የዋዛ አይደለም። ሕፃናት በሚሮጡበት ግቢ ውስጥ፣ መተላለፊያ ዳር፣ አልመክርዎትም። እርስዎ የፈለጉት አጭርና የተስተካከለ ነገር ስለሆነም እኔ የጥብስ ቅጠሉን አልለቅም።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ቁርጥራጮቹን ይሰኩ። መደቡን እስከ ጥር ቀስ ብለው ያሠሩ፤ አዲስ የተሞላ አፈር ስለሚሰጥም ሲወርድ ይሙሉበት። ሰኔ ሲገባ፣ ከመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ በኋላ ወጥተው በብሎኬቶቹ ክፍተት ውሃ መውጣቱን ይዩ። የተዘጋ ካለ በሽቦ ይክፈቱት።